የሌለችኝ ዶሮና የአዋ ዱባለ መለከት

ረቡዕ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ደብተሬ፣ አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገርህ፣ ለመጽሔቱ አንባቢዎች የማልነግራቸውን። ዛሬ ከቢሮ ስወጣ በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤቱ በር በኩል አለፍኩ። መንገዴ አይደለም። ትንሽ ሄድኩና ተመልሼ አለፍኩ። ደግሜ ስመለስ ዘበኛው ኤርካሎ ከዳሱ ብቅ አለና፣ «እቴቴ፣ የጠፋብዎ ነገር አለ እንዴ?» አለኝ።

«ዶሮዬ ጠፍታብኝ ነው» አልኩት።

ዶሮ የለኝም። ኖራኝም አታውቅም። እሱ ግን ደግ ሰው ነውና ከልቡ አዘነ። «ቀለሟ ምንድን ነው?» አለኝ። «ገብስማ» አልኩ፤ አፌ ላይ ቀድሞ የመጣው እሱ ነበር። ኤርካሎም አጥሩን ሥር ሥሩን ጎንበስ እያለ ሲፈልግ እኔ በቢሮ ጫማዬ ጭቃ ላይ ቆሜ «ጩጩ፣ ጩጩ» ስል ቆየሁ።

የሄድኩት ለወሬ ነው። ከመስቀል በኋላ ወደ ሩቁ ሃላሌ የሚላከው ወንጌላዊ ሶርሳ ነው ይባላል፤ እውነት መሆኑን ማጣራት ዓምድ ለሚጽፍ ሰው ተገቢ ነው። ሶርሳ ልጅ ሆኖ ከአባቴ እግር ሥር መለከት የተማረ ነው። ይኸው ነው። ይላኩት፤ ወንጌላዊ የሚሄደው የላኩት ቦታ ነው።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 15

ቸኩያለሁ። ጎረቤቴ ፈጠነች በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። የመጽሔቱ አዘጋጅ ከአዲስ አበባ «ለመስከረም የሚሆን ደስ የሚል ነገር ላኪልን» ብሎኛል። ደስ የሚል ነገር የለኝም። ዝናብ አለ። ዝናብ ልላክለት?


ሰኞ፣ ነሐሴ 17፣ ማታ

ደስ የሚል ነገር ተገኘ መሰለኝ።

በፈጠነች ቤት ክፍል የተከራየው አዲሱ የሙዚቃ መምህር ሀብተየስ ዛሬ ቢሮ መጥቶ ፈቃድ ጠየቀ። ማመልከቻውን የተየብኩት እኔ ነኝ። መስከረም 8 ቅዳሜ ማታ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የሙዚቃ ምሽት ሊያደርግ ነው። አለቃችን «ዘፋኙ ማን ነው?» አሉት።

«ዘፋኝ የለም፣ ጌታዬ። አንድ ሰው አንድ መሣሪያ ይዞ ለብቻው ይወጣል። በዚያች ሰዓት የመጣለትን ይጫወታል። የታወቀ ዜማ መጫወትም ሆነ ተለማምዶ መምጣት ክልክል ነው።»

«እና እኛ ሳይለማመድ የመጣ ሰው ለመስማት ነው እንዴ ወንበር ይዘን የምንቀመጠው?»

«አዎ።»

አለቃችን እስክሪብቷቸውን አዩ፣ መምህሩን አዩ፣ ፈረሙ። ዕብድን እንዲህ በጨዋነት ሲሸኙ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ መምህሩ ወደ እኔ ዞረና የድሮ መለከት ነፊ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አለማወቅ እችል ነበር። ግን ወደ አዋ ዱባለ ቤት ወሰድኩት። (አዋ አባት ማለት ነው፤ ለመጽሔቱ ስጽፍ ማብራራት ለምዶብኝ ለአንተም አብራራሁ።)

አዋ ዱባለ ዲንካቸውን፣ ያንን ከቁመታቸው የሚበልጠውን የቀርከሃ መለከት፣ ከጣራው ሥር አውርደው አሳዩት። መምህሩ ነካ ነካ አደረገውና «ስንት ድምፅ ያወጣል?» አላቸው።

«አንድ።»

«አንድ ብቻ?»

«እኔስ ስንት ነኝ?» አሉት።

ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱት። መለከቶቹ አምስት ነበሩ፤ እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። አንዱ ነፍቶ ሲያበቃ ሌላው ይቀበለዋል፤ አምስቱ ተቀባብለው አንድ ዜማ ይሆናሉ። አንደኛው አባቴ ነበር። ሁለተኛው ሶርሳ። ሦስተኛው እሳቸው። አራተኛው አልፏል፤ አምስተኛው ወንጂ ሸንኮራ ሊቆርጥ ሄዶ እዚያው ቀረ።

«አሁን ብቻዎን ይንፉልን» አለ መምህሩ።

አዋ ዱባለ ሳቁ። «ብቻውን የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው፣ ልጄ። ነፊው ሲሞት ዘመዱ የሟቹን ዲንካ አውጥቶ ይነፋል። የማን ድምፅ እንደሆነ አገሩ ያውቃል። ሰምቶ ለለቅሶ ይመጣል። ይህንን ብነፋ ዱባለ ሞተ ብለው ነው የሚመጡት።»

መምህሩ ግን ደስታው ፊቱ ላይ ሞላ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አዋ ዱባለም ዲንካቸውን ብዙ ጊዜ ዳበሱት። ሳይሞቱ አንድ ጊዜ ድምፁን መስማት እንደሚፈልጉ ያስታውቅ ነበር። በመጨረሻ «ለአገሩ ሁሉ ቀድሞ ይነገር፤ አለዚያ በቁሜ ታስለቅሱኛላችሁ» አሉ።

የገበያውንና የከተማውን ወገን መምህሩ ያስነግራል። የዳሞታን ወገን፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤቱ ያለበትን፣ እኔ እነግራለሁ አልኩ። መንገዴ ነው አልኩ።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 22

ኤርካሎ ዶሮ ይዞ መጣ።

ገብስማ ናት። የግራ እግሯ አንድ ጣት ወደ ላይ ቆልመም ብሏል። «ተገኘችልዎ፣ እቴቴ። ከግቢያችን ኋላ ስትጭር ያዝኳት» አለኝ፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራል። ምን እላለሁ? «የኔ አይደለችም» ብል «ታዲያ የእርስዎ የትኛዋ ናት?» ሊል ነው። ተቀበልኩት። አመሰገንኩት። ጠላ ሰጠሁት፤ አልጠጣም፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ወተት ሰጠሁት።

አሁን ማድ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ታየኛለች።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 25

ወደ ዳሞታ ሳልሄድ ቀረሁ። ዘነበ።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 27፣ ማታ

ፈጠነች ቡላ ገንፎ ይዛልኝ መጣች። ባሏ ገበየው ቆርቆሮ ሠሪው በምሽቱ ክራር ሊጫወት ነው፤ ቤቷ ሰላም አጥቷል። «ሳይለማመድ ለመጫወት ሌሊቱን ሲለማመድ ያድራል» አለችኝ።

ከዚያ ወደ ዋናው ጉዳይዋ ገባች። «መምህሩ ጨዋ ነው አባይዬ። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ አይጮህም። አንቺ እስከ መቼ በአባትሽ መለከት ሥር ትተኛለሽ?»

ዲንካው ግድግዳ ላይ ስለሆነ ነው፣ የትም ብተኛ ከሥሩ ነው አልኳት።

«ስለ ግድግዳው አይደለም የምልሽ» አለች። ፈጠነች አንዳንዴ አፏን ብትዘጋ ምን አለበት።

እሷ ከሄደች በኋላ የአባቴ ለቅሶ ትዝ አለኝ። አባቴ ሲያርፍ የራሱ ዲንካ ብቻውን ተነፋ፣ አገር መጣ። ከዚያ የቀሩት ሊነፉለት ቆሙ። ሶርሳ በዚያው ዓመት ወንጌላዊ ሆኖ ነበር፤ ዲንካ የዱሮ መንፈስ ነው ብለው አፉን ዳግመኛ ላያስነካ ቃል አስገብተውታል። ባዶ እጁን፣ በዚያች ቡናማ ኮቱ፣ የላይኛው ቁልፏ በጎደለችው፣ ዳር ላይ ቆመ። ሦስቱ ነፉ። የሱ ተራ ሲደርስ ዝም ይሆናል። የአባቴ ተራ ሲደርስ ዝም ይሆናል። ሁለቱ ዝምታዎች ጎን ለጎን ነበሩ። ሲያበቃ አዋ ዱባለ ወደሱ ሄደው፣ «እኔ ስሞት ለለቅሶዬ እንዳትመጣ» አሉት። እሱም ራሱን ነቅንቆ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሰፈራችን አልመጣም። መንገድ ላይ ካገኘኝ «እኅት አባይነሽ፣ ጌታ ይባርክሽ» ይለኛል።

እኅት። ጥሩ ቃል ነው። ምንም አልልም።


ረቡዕ፣ ጳጉሜን 3

ዛሬ ልነግራቸው ወደ ዳሞታ ተነስቼ ነበር። በሩ ላይ ደረስኩ። ኤርካሎ ሮጦ መጣ።

«እቴቴ፣ ጉድ ሆንን። ሌባ ገብቶብናል። ወንጌላዊ ሶርሳ ዶሮአቸው ጠፋች። እሳቸውም እኮ እንደ እርስዎ ገብስማ ነበረቻቸው።»

ኤርካሎ ይህን ሲናገር ዓይኑ ውስጥ አየሁት። አንዳችም አልተጠራጠረም።

«ምልክት አላት?» አልኩት።

«ጣቷ የቆለመመ ነው ይላሉ ጎረቤቶቻቸው። የርስዎስ ደህና ናት?»

ደህና ናት አልኩና ተመለስኩ። ስለ ምሽቱ ሳልነግር። በዶሮው ደንግጬ ነው።


ሰኞ፣ መስከረም 3 ቀን 1958 ዓ.ም.

ዶሮዋ እንቁላል ጣለች። አልበላሁትም። የማን እንደሆነ እያወቅኩ እንዴት እበላለሁ? ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩት። እንዴት አድርጌ ልመልስ? «ዘበኛህ ሰርቆ ሰጠኝ» ልበል? ኤርካሎ ሥራውን ያጣል። «ዋሽቼ ነው» ልበል? ለምን ዋሸሽ ይለኛል።

መምህሩ ቢሮ መጥቶ «የዳሞታን ሰዎች ነገርሻቸው?» አለኝ። እነግራለሁ አልኩት። «እንዳትረሺ፣ ሽማግሌው አደራ ብለዋል» አለኝ። እረሳለሁ እንዴ።


ዓርብ፣ መስከረም 7

ዘነበ።

ማለቴ ወደ ማታ አካፋ።


እሑድ፣ መስከረም 9፣ ሊነጋ ሲል

እንቅልፍ የለኝም። ከመጀመሪያው ልጻፍ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሰው የመጣው ያልተለማመደ ሰው ለማየት ነው። መጀመሪያ ገበየው ወጣ። ክራሩን ሲይዝ እጁ በልማዱ የሠርግ ዘፈን ጀመረ፤ ከጀርባ ሴቶች አጨበጨቡ። መምህሩ ከጥግ ጉሮሮውን ጠረገ። ገበየው ደንግጦ ቆመ። «እጄ ነው እኮ፣ እኔ አይደለሁም» አለ። ተሳቀ። ከዚያ ምን እንደነካው አላውቅም፣ አንዱን ጅማት እየመታ ችንካሩን ያላላው ጀመር፤ ድምፁ ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ እያቃሰተ ወረደ፣ ወረደ። ከዚያ በጣቶቹ የክራሩን ቆዳ መታ፣ ልክ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ዝናብ ሲጀምር። ሳቁ ቆመ። ሲጨርስ ፈጠነች ባሏን እንደ እንግዳ ሰው አየችው።

ቀጥሎ መምህሩ በአኮርዲዮን። ቁልፎቹን አልነካም። ሳጥኑን እየሳበ እየዘጋ እንዲተነፍስ ብቻ አደረገው። «ሳጥኑ አስም አለበት» አለች ፈጠነች በጆሮዬ። እኔ ግን ዳገት ሮጦ የመጣ ሰው ትንፋሽ መሰለኝ። ወዲያው መስኮቶቹን ተነስቼ ከፈትኳቸው፤ በዳሞታ በኩል ያሉትን። ሞቆኝ ነበር። ፈጠነች ጋቢዋን ስባ፣ «በዚህ ብርድ?» አለችኝ።

ከዚያ አዋ ዱባለ ገቡ። የሶርሳንም ዲንካ ይዘውት መጥተዋል፤ ጥሎት ከሄደ ጀምሮ እሳቸው ዘንድ ነበር። መሬት ላይ አጋደሙት። ተቀመጡ። የራሳቸውን አነሱና ነፉ።

አንድ ድምፅ። ያ ድምፅ ልጅ ሆኜ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኝ የነበረው ነው። ነፉና ቆሙ። ዝም አሉ። ሰው ተቁነጠነጠ፣ ያበቃ መስሎት ነው። እኔ ግን አላበቃም እላለሁ በልቤ፤ አራተኛው እያለፈ ነው፣ አምስተኛው እያለፈ ነው፣ አሁን አባቴ ነው፣ አሁን ደግሞ እሱ ነው። እናም ልክ ቦታቸው ሲደርስ እንደገና ነፉ። የቀሩትን አንዳቸውንም አልዘለሉ። ለእያንዳንዱ እንደ ዱሮው ቦታ ለቀቁለት። እየቆየ አዳራሹም ገባው። ዝምታው ሲመጣ ማንም አልሳለም።

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ከውጭ ለቅሶ ተሰማ።

በሩ ተበረገደ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ የዳሞታ ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ገቡ፤ «ዋይ አዋ ዱባለ» እያሉ። አዋ ዱባለን እዚያው ተቀምጠው አዩአቸው። መብራቱ ሥር፣ ጉንጫቸው አብጦ። ደረት መምታቱ አንድ በአንድ ቆመ።

ከሴቶቹ ኋላ ሶርሳ ገባ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ቡናማ ኮቱን ያለ ሸሚዝ ደርቦታል። የላይኛው ቁልፍ አሁንም አልተተከለም።

አዋ ዱባለ ዲንካውን ከአፋቸው አነሱ።

«ለለቅሶዬ እንዳትመጣ ብዬህ ነበር» አሉት።

ሶርሳ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ። «ለቅሶ አይደለም። አልሞቱማ» አለ።

«የሞትኩ መስሎህ እኮ ነው የመጣኸው።»

«መስሎኝ ነው።»

«ከልክዬህ ሳለሁ።»

«ከልክለውኝ ሳለ።»

አዋ ዱባለ በአገጫቸው መሬት ላይ የተጋደመውን ዲንካ አሳዩት። ሶርሳ አየው። እጁ አልተንቀሳቀሰም። «ቃል አለብኝ፣ አዋ። አፌን አላስነካውም» አለ።

«እንግዲያው ተቀመጥ» አሉና ወደ መንፋታቸው ተመለሱ።

ነፉ። ዝምታው መጣ። አራተኛው አለፈ፣ አምስተኛው አለፈ። የአባቴ ቦታ ላይ አንድ ሰው «ሁ» አለ። ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። ፈጠነች ዞራ ስታየኝ ነው እኔ መሆኔን ያወቅኩት። ሴት ዲንካ አትነፋም፤ እኔም አልነፋሁም። አልኩ እንጂ። ወዲያው ከኔ ቀጥሎ ባለው ቦታ ሌላ ድምፅ ተቀበለኝ። ከሶርሳ ጉሮሮ ነው። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፣ ዲንካው እግሩ ሥር ነው፣ አልነካውም። በድምፁ ነው። ከሱ ቀጥሎ አዋ ዱባለ ነፉ። እንዲህ ዞረ፤ እኔ፣ እሱ፣ አዋ ዱባለ፣ ከዚያ ሁለት ባዶ ቦታ፣ ደግሞ እኔ። ሁለቱ ባዶዎች እስከ መጨረሻው ባዶ ቀሩ። ዘመድ ካልሆነ ለሄደውም ለሞተውም ሌላ ሰው አይተካም።

ወደሱ አላየሁም። ጉሮሮው ላይ የልጅነት ጠባሳ አለችው፤ እሷ ከፍ ዝቅ ስትል ብቻ አየሁ።

ሲያበቃ መምህሩ መጣ። «ለብቻ ነበር እኮ የተባለው» አለ። እየተቆጣ አልነበረም፤ ዓይኑን በመሐረብ ይጠርግ ነበር። ከዳሞታ የመጡት ሴቶች ግን ተቆጡ። አንዲቱ ነጠላዋን እየፈታች፣ «እንባችንን ማን ሊመልስልን ነው?» አለች።

«ለሌላ ጊዜ አስቀምጡልኝ። አይቆይም» አሉ አዋ ዱባለ።

ሶርሳ ከሴቶቹ ጋር ወጣ። እኔን አላናገረኝም። ጫማውን ፍለጋ ፋኖስ ይዘው ሲወርዱ በመስኮት አየሁ። መስኮቱን ልዘጋ ሄጄ ነው።


ማክሰኞ፣ መስከረም 11

መምህሩ የዳሞታ ሰዎች ለምን እንዳልተነገራቸው ጠየቀኝ። ረሳሁ አልኩ። አዋ ዱባለ አጠገቡ ነበሩ፤ ጢማቸውን ብቻ ዳበሱ።

ሽማግሌዎቹ ሶርሳን ጠርተውታል ይባላል። ፈጠነች ናት የነገረችኝ። ከመስቀል በኋላ ሳይሆን ነገ ዛሬ ሳይሉ ወደ ሃላሌ ይልኩታል ትላለች። ከዚህ ምሽት በፊት ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው። አሁን እኔ… አይ። አልጽፈውም።

ለመጽሔቱ መጻፍ አልቻልኩም። «በሶዶ ደስ የሚል ምሽት ነበር» ብዬ ጀመርኩ። ሰረዝኩት።


ቅዳሜ፣ መስከረም 15፣ ማታ

ነገ ጊፋታ፣ የአገራችን አዲስ ዓመት፣ ነው። ሰፈሩ ሥጋ በሥጋ ሆኗል። ሰው ሁሉ የተጣላውን እየፈለገ እየታረቀ ነው፤ ቂም ይዞ አዲስ ዓመት አይሻገርም።

ከቢሮ ስወጣ ሶርሳ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ኮቱን ለብሷል። ሸሚዝም ነበረው።

«ሽማግሌዎቹ ምን አሉህ?» አልኩት። ለዓምዴ የሚሆን ነው።

«መለከት ነፍተሃል ወይ አሉኝ። አፌን አላስነካሁም አልኳቸው። ታዲያ ምን አደረግህ አሉኝ። ሰው ሲጠራኝ አቤት አልኩ አልኳቸው። ገና እየተማከሩ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ቀረብ አለ። «ዳሞታ ላለው ለኛ ወገን እንድትነግሪ የተላክሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«ዘነበብኝ» አልኩ።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

ወደ ሰማይ አየ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ መስከረም ነው። ከዚያ፣ «ዶሮዬ ደህና ናት?» አለኝ።

ቅጥሩን ያዝኩ። «ማን ነገረህ?»

«ኤርካሎ ታቅፏት ሲወጣ በመስኮት አየሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ወዴት እንደሚወስዳት አውቅ ነበራ። በራችን ላይ ወዲያ ወዲህ እያልሽ ስትፈልጊ ሰምቼሻለሁ። ዶሮ እንደሌለሽም አውቃለሁ።»

ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። እንቁላል ጥላለች ያልኩ ይመስለኛል።

«ነገ እመጣለሁ፣ ለዶሮዋ» አለ።

«ነገ ጊፋታ ነው እኮ። በጊፋታ ማለዳ የሰው ደጅ የሚገባ ዘመድ ነው።»

«አውቃለሁ፣ አባይነሽ» አለኝ። እኅት አላለም።

ከዚያ ሄደ። እኔ ቤቴ ገብቼ የአባቴን ዲንካ ከግድግዳው አወረድኩትና ወለወልኩት። አቧራ ስለነበረበት ነው። ማድ ቤቱን ጠረግኩ። እንቁላሎቹን ቆጠርኩና ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኳቸው። ዶሮዋ ጣቷን ቆልምማ ታየኛለች፤ የምታውቀው ነገር ያለ ይመስል።

እኔ ግን የማውቀው የለም። ለዶሮዋ ነው የምመጣው ያለው። ይዟት ከወጣ ሃላሌ መሄዱ ነው። ትቶልኝ ከወጣም ሃላሌ መሄዱ ነው፤ ዶሮ ታቅፎ እስከዚያ አይኬድም። ሦስተኛ ነገር ይኖር እንደሆነ ማሰብ አልፈለግኩም፤ ይኸው እያሰብኩ ነው። ነገ ሲመሽ፣ ይዟት ወጣም፣ ትቷት ወጣም፣ ጨርሶ ሳይወጣም ቢቀር፣ እንደሆነው አድርጌ እጽፍልሃለሁ። ብቻ አንተም ለመጽሔቱ እንዳትነግርብኝ።